የሚሄደውን ስለ መስፈር

ወንዝ ምን ያህል ነው? ጥያቄው ሕፃን የሚጠይቀው ቀላል ነገር ይመስላል፤ ሊመልስ የሚነሣ ሰው ግን ምን እንደ ተጠየቀ አስቀድሞ መመርመር ግድ ይሆንበታል። በጎተራ ያለ እህል ምን ያህል ነው ቢባል ቁና አምጥቶ መስፈር ይቻላል፤ ጣና ምን ያህል ነው ቢባልም፣ ድካሙ ይበዛ እንደ ሆነ እንጂ፣ ዳርቻውን ዞሮ ጥልቀቱን በገመድ ለክቶ መልስ መስጠት በባሕርዩ የተከለከለ አይደለም፤ እህሉም ሐይቁም ሰፋሪያቸውን ቆመው ይጠብቃሉና። ወንዝ ግን ማንንም ቆሞ አይጠብቅም። ከፊታችን የሚታየው ውኃ ወንዙ ነው እንዳንል፣ ይህን ተናግረን ሳንጨርስ ያ ውኃ አልፎ ሌላ ተተክቶበታል፤ ያለፈው ነው እንዳንል፣ ያለፈው አሁን ባሕር ወይም ደመና ሆኗል፤ የሚመጣው ነው እንዳንል፣ የሚመጣው ገና ዝናብ አልሆነም። ገድበን አቁመን ብንሰፍረው ደግሞ የያዝነው የቆመ ውኃ ነው፤ ልናውቀው የፈለግነው ነገር በገደብነው ሰዓት ከእጃችን ወጥቷል። እንግዲህ ወንዝን ወንዝ ያሰኘው መሄዱ ከሆነ፣ ልኩን የሚሻ ሰው የሚሻው የመሄዱን ልክ ነው፤ መሄድ ግን ግብር እንጂ አካል አይደለምና፣ አካል የሌለው ነገር በምን ይሰፈራል?

የነገሩን ቀላል መልክ ለማየት ከዐባይ ጥንት፣ ከሰከላው ግሽ መነሣት ይጠቅማል። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ጄምስ ብሩስ በ1770 (በዚህ ሐተታ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ይህን ምንጭ ባዩ ጊዜ፣ የሩቅ አገር ሊቃውንት ለብዙ ዘመን ሲመረምሩት የኖሩት ወንዙ ከወዴት ይመነጫል የሚለውን ነበር፤ ምን ያህል ነው የሚለው ጥያቄ ገና ተራው አልደረሰም። የአገሩ ሰው ግን ምንጩን ጠበል አድርጎ ስለ ኖረ፣ ሁለቱንም ጥያቄ ሳያነሣ ውኃውን ያውቀው ነበር። ከእንዲህ ያለ ትንሽ ምንጭ አፍ ላይ እንስራ ደቅኖ እስኪሞላ ድረስ ጊዜውን የሚቈጥር ሰው፣ 20 ሊትር የሚይዘው እንስራ በ10 ሴኮንድ ቢሞላለት፣ ምንጩ በሴኮንድ 2 ሊትር ያፈልቃል ብሎ በሙሉ ልብ ሊናገር ይችላል፤ በውኃ ነገር ከዚህ የጠራ ስፍር አይገኝም። ይሁን እንጂ ይህ ሰው ሁለት መስፈሪያ እንደ ያዘ ልብ ማለት ይገባል፤ አንዱ ሸክላው ነው፣ ሁለተኛው ጊዜው ነው፤ ሸክላው ውኃውን ያቆመዋል፣ ጊዜው መሄዱን ይመሰክርለታል፤ ከሁለቱ አንዱ ቢጎድል የቀረው ስለ ምንጩ የሚናገረው አይኖረውም። ወንዙ ከግሽ ወርዶ፣ ገባሩን እየተቀበለ ጣናን አልፎ በረኻ በገባ ጊዜ ግን የሚበቃውን እንስራ የሚሠራለት ሸክላ ሠሪ የለም፤ የወንዝ ለኪ ሥራ ሁሉ እንግዲህ፣ ጠልቆ ለተመለከተው፣ እንስራ በሌለበት ቦታ እንስራውን በሐሳብ መሥራት ነው።

ሰው ይህን የሐሳብ እንስራ ከመሥራቱ በፊት ለረጅም ዘመን በሌላ ነገር ረክቶ ኖሯል። በካይሮ በሮዳ ደሴት በ861 የተሠራው የዐባይ መለኪያ፣ ከወንዙ በመሿለኪያ ውኃ በሚገባለት ጕድጓድ መካከል የቆመ፣ በክንድ የተከፋፈለ የእብነ በረድ ዓምድ ነው፤ ውኃው 16 ክንድ ሲደርስ ዘመኑ የጥጋብ ነው ተብሎ ግብር ይጣል ነበር፣ ከዚያ እጅግ ሲያንስ ረኃብ፣ እጅግ ሲበልጥም ጥፋት ይፈራ ነበር። ይህ ዓምድ የሚናገረው የውኃውን ከፍታ ብቻ ነው፤ ምን ያህል ውኃ እንዳለፈ አይናገርምና የዛሬ መሐንዲስ ጎዶሎ ይለው ይሆናል። ጎዶሎ ከማለት አስቀድሞ ግን ጠያቂው ምን እንደ ጠየቀ ማየት ይገባል፤ የግብጽ ገበሬ ሊያውቅ የወደደው ውኃው ወደ እርሻው ይወጣ እንደ ሆነ፣ ገዢውም ከዚያ እርሻ ምን ያህል እንደሚሰበስብ ነበርና፣ ከፍታ ለሁለቱም የሞላ መልስ ነበረ። ልክ እንግዲህ በነገሩ ውስጥ ተቀምጦ ሰፋሪን የሚጠብቅ ቍጥር ሆኖ አይገኝም፤ ነገሩ ለጠየቁት ጥያቄ የሚመልሰው መልስ ነው፤ ስለዚህ ጥያቄው ሲለወጥ ትናንት ሙሉ የነበረው ልክ ዛሬ ይጎድላል። ከዚህም ሌላ፣ ያ ዓምድ በየዓመቱ ያነበበው አብዛኛውን የጎጃምን፣ የቤጌምድርን፣ የወሎንና የሸዋን ክረምት ነውና፣ አንባቢዎቹ ጠብታውን ሳያዩ የሩቅ አገር ዝናብ በክንድ ሲቈጥሩ ኖረዋል፤ ልክ ከተለካው ነገር ይህን ያህል ርቆ ሊኖር የሚችል መሆኑ ኋላ ለምንነካው ነገር መሠረት ስለሆነ ከወዲሁ ይታወስ።

ጥያቄው ስንት ውኃ ወደሚለው በተለወጠ ጊዜ ከፍታ አልበቃም፤ ስፋት ቢጨመርበትም አልበቃም። በ97 የሮም ከተማ የውኃ ሹም ሆኖ የተሾመው ፍሮንቲኑስ፣ ለከተማይቱ የሚገባውን ውኃ በቧንቧው አፍ ስፋት እየቈጠረ ሒሳቡን ቢተሳሰብ፣ የገባውና የታደለው አልገጥም አለው፤ ከጕድለቱ ብዙውን በሌቦች ላይ አደረገ፤ ሌቦችም በእውነት ነበሩ፤ ነገር ግን ከቍጥሩ ውስጥ የወጣ አንድ ነገር ነበር፣ እርሱም ውኃው የሚሄድበት ፍጥነት ነው። የእስክንድርያው ሄሮን የምንጭን ውኃ ለማወቅ የመውረጃው ስፋት እንደማይበቃ፣ ፍጥነቱም መታወቅ እንዳለበት ጽፎ ነበር፤ ትምህርቱ ግን ተዘንግቶ ኖሮ፣ የጋሊሌዮ ደቀ መዝሙር የነበረው የቤኔዲክቶስ ማኅበር መነኩሴ ካስቴሊ በ1628 ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን አጸናው። ገባር ሳይጨመርበት፣ መስኖም ሳይወጣለት በሚሄድ ውኃ ላይ፣ በሰፊውም በጠባቡም ስፍራ በእኩል ጊዜ የሚያልፈው እኩል ነው፤ ስፍራው በጠበበ መጠን ፍጥነቱ ይጨምራል። ጢስ ዐባይ ላይ በክረምት 400 ሜትር ያህል ተዘርግቶ ሲወድቅ ያየ ሰው፣ ጥቂት ወርዶ በ17ኛው መቶ ዓመት ከተሠራው የድንጋይ ድልድይ ሥር በጠባብ ገደል ሲሾልክ ቢያየው ወንዙ የጎደለ ይመስለዋል፤ ዐይን በስፋት ይፈርዳልና። ከዚህም የተነሣ ፍሰት ወርድ በጥልቀት፣ ያም በፍጥነት ተባዝቶ የሚገኝ ነው ተብሎ ተወሰነ። በዚህ ብያኔ ውስጥ የሚያስደንቅ ነገር አለ፤ ወርድና ጥልቀት የመሬቱ ናቸው፣ ፍጥነት የርቀትና የጊዜ ነው፣ ከሦስቱ አንዱ እንኳ ውኃ አይደለም፤ ሦስቱ በተባዙ ጊዜ ግን የወጣው ውኃ ነው። ማንም በዐይኑ ያላየው፣ በእጁም ያልዳሰሰው ይህ ውኃ፣ ያ የሐሳብ እንስራ የያዘው ነው።

ከሦስቱ ወርድና ጥልቀት በገመድና በዘንግ ይገኛሉ፤ ፍጥነት ግን አንድ አይደለም። ውኃ ወለሉንና ዳሩን በሚነካበት ይዘገያል፣ በመካከልና በገጹ አጠገብ ይፈጥናል፤ በአንዱ ወንዝ ውስጥ ስፍር ቍጥር የሌላቸው ወንዞች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። እንጨት ጥሎ በተለካ ርቀት መካከል የሚያልፍበትን ጊዜ የሚቈጥር ሰው የገጹን ፍጥነት ያገኛል፤ የገጹ ከሁለንተናው ስለሚበልጥ ከ100 እጅ 85 ያህሉን ይወስዳል። የሚሽከረከር መለኪያ ወደ ውኃው የሚያጠልቅ ባለሙያም ወንዙን ከዳር እስከ ዳር በብዙ ክፍል ከፍሎ፣ በየክፍሉ ከጥልቀቱ ከ10 እጅ 6 እጅ ወርዶ አንድ ጊዜ፣ አለዚያም 2 እጅና 8 እጅ ወርዶ ሁለት ጊዜ ለክቶ አማካዩን ይይዛል። ስለ ምን በ6 እጅ ሆነ ቢሉ፣ ከዚህ በፊት ብዙ ወንዞች ከገጽ እስከ ወለል ተለክተው አማካዩ ፍጥነት በዚያ አካባቢ ስለ ተገኘ ነው፤ እንግዲህ ዛሬ የሚለካው ይህ ወንዝ የሚታመነው በሌሎች ወንዞች ቃል ነው ማለት ነው። መለኪያው ባልጠለቀበት ቦታ ሁሉ ያለው ፍጥነት ከጠለቀበት ተወስዶ የተሞላ ነው፤ በሜትር ኩቡ ውስጥ ከውኃው ጋር የሚሄደው የጎጃም አፈርም ውኃ ተብሎ ይቈጠራል። መለካት ለባለ መሣሪያ፣ መገመት መሣሪያ ለሌለው የተሰጠ ነው የሚለው የተለመደ አሳብ በዚህ ይፈርሳል። መገመት ያላዩትን ባዩት ላይ ተመርኵዞ መናገር ከሆነ፣ ያለ ግምት የተለካ ወንዝ የለም፤ ግምትም ቢያንስ አንድ የተለካ ነገር ከሥሩ ከሌለው ግምት ሊባል አይገባውም፣ ምኞት ነው። ሁለቱ እንደ ታላቅና ታናሽ በማዕርግ የሚለያዩ ሳይሆኑ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ ያደረ ነው።

ይህ በአንድ ቀን ለሚለካ ወንዝ ነው፤ ወንዝ ግን በየሰዓቱ ይለወጣል፤ በየሰዓቱም መለኪያ ማጥለቅ አይቻልም። ስለዚህ ባለሙያዎቹ በተለያየ ጊዜ ከፍታውንና ፍሰቱን አብረው ይለኩና፣ ይህን ያህል ከፍታ ይህን ያህል ፍሰት ነው የሚል መስመር ይሥላሉ፤ ከዚያ በኋላ ከፍታውን ብቻ በማንበብ ፍሰቱን ከመስመሩ ይወስዳሉ። እነሆ ከብዙ ድካም በኋላ ወደ ሮዳ ዓምድ ተመለስን፤ ልዩነቱ ከዓምዱ በስተኋላ የመስመር እምነት መጨመሩ ነው። መስመሩ ግን የሚያምነው ወለል ራሱ ይሄዳል፤ ደራሽ አንድ ሌሊት አሸዋውን ጠርጎ ቢያወርደው ወይም ደለል ቢያለብሰው፣ ከፍታው እንደ ትናንቱ ሆኖ ውኃው እንደ ትናንቱ አይሆንም፤ ወንዝ ሲሞላና ሲጎድል በአንድ ከፍታ ላይ ሁለት ልዩ ፍሰት የሚኖረው ጊዜም አለ። ከሁሉ የከፋው ግን ይህ ነው፤ ታላቁ ሙላት በመጣ ጊዜ ለኪው ወደ ውኃው ሊገባ አይችልም፤ ግንድና ድንጋይ የሚያንከባልል ጎርፍ መሣሪያም ሰውም ይወስዳልና። ስለዚህ የመስመሩ ጫፍ፣ ድልድይ ሊሠሩ ግድብም ሊገድቡ የሚያስቡ ሁሉ ከምንም ይልቅ የሚፈልጉት ጫፍ፣ ያልተለካው ነው። ጎርፉ ካለፈ በኋላ በዛፍ ላይ የቀረውን ጭራሮና በገደል ላይ ያለውን የጭቃ ምልክት አይተው፣ የምድሩን ተዳፋት ለክተው፣ አየርላንዳዊው መሐንዲስ ማኒንግ በ1889 ባቀረበው ቀመር ያሰሉታል፤ በዚያም ቀመር ውስጥ የወንዙን ሻካራነት የሚያመለክት አንድ ቍጥር አለ፤ ለንጹሕ ወንዝ 0.03 ያህል፣ ቍጥቋጦ ለወረሰው 0.1 ያህል ሊሆን ይችላል፤ ቍጥሩን የሚመርጠው ግን የባለሙያው ዐይን ነው። ወንዙ እጅግ በገዘፈበት ቀን ልኩ እጅግ ያነሰ እርግጥነት አለው፤ ምስክር አብዝቶ በሚፈለግበት ሰዓት ምስክሩ ይሸሻል።

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው፣ እንግዲያው የወንዝ ልክ የለም፣ ሊቃውንቱም ግምታቸውን በቍጥር አልብሰው ያቀርባሉ ብሎ ሊደመድም ይችላል፤ ተቃውሞው ቀላል አይደለም። በዕዝራ ሱቱኤል መጽሐፍ መልአኩ ዑርኤል፣ የልዑልን መንገድ ልወቅ ብሎ ለሚያዝነው ለዕዝራ፣ እሳትን መመዘን፣ ነፋስን መስፈር፣ ያለፈችን ቀን መመለስ ይችል እንደ ሆነ ይጠይቀዋል፤ ከዚያም አልፎ ስለ ጥልቁ ፈሳሾች ያነሣበታል። ይህን ያነበበ ሰው፣ የሚሄድ ነገር ሁሉ ከሰው ልክ ውጭ ነው ተብሎ እንደ ተፈረደ አድርጎ ሊወስደው ይችል ይሆናል። እኔ ግን የጥያቄውን ኀይል በሦስተኛው ላይ አየዋለሁ፤ ያለፈች ቀን አትመለስም፤ ነገር ግን ያለፈች ቀን ምስክር ይኖራታል፤ መመለስና መመስከር ሁለት ልዩ ግብር ናቸው። ወንዝን የሚለካ ሰው ያለፈውን ውኃ አልያዘም፣ ሊመልሰውም አይችልም፤ የሚያደርገው በዚህ ቀን፣ በዚህ ስፍራ ይህን ያህል ሲያልፍ አይቻለሁ ብሎ መመስከር ነው። በችሎት የቆመ ምስክር ሁሉን አላየህም ተብሎ አይባረርም፤ ከወዴት ሆነህ አየህ፣ መቼ አየህ፣ ያየኸው የቱ ነው፣ የገመትኸውስ የቱ ነው ተብሎ ይጠየቃል፤ ሁለቱን ለይቶ የተናገረ ይታመናል፣ ሁለቱን የቀላቀለ ግን ነገሩ እውነት ሆኖ ቢገኝ እንኳ ቃሉ የሐሰት ነው። የልክ እውነተኛነት እንግዲህ ከግምት ንጹሕ በመሆን ሊሆን አይችልም፤ ግምቱን ባለመሸሸግ ነው።

ይህ ምስክርነት ወደ ሐሰት የሚያዘነብለው ብዙ ጊዜ በለኪው እጅ ላይ ሳይሆን፣ ቍጥሩ ከለኪው እጅ ከወጣ በኋላ ነው። ዐባይ በሱዳን ድንበር ላይ፣ ታላቅ ግድብ ሳያቆመው በነበረው ጠባዩ፣ በአማካይ በዓመት 49 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ያወርድ ነበር፤ ይህም በሴኮንድ 1,550 ሜትር ኩብ ያህል ነው። በነሐሴ ግን በሴኮንድ ከ5,000 በላይ ያወርድ፣ በሚያዝያም ከ200 በታች ይወርድ ነበር፤ በአማካዩ ልክ ላይ ይገኝ የነበረው በሐምሌ ዋዜማ ሲሞላና በጥቅምት መጨረሻ ሲጎድል፣ ያውም ሲያልፍ ብቻ ነው። አማካዩ ዐባይ ማንም ተሻግሮት የማያውቅ ወንዝ ነው፤ በነሐሴ ያለው ሰው እርሱን አምኖ ቢገባ ይሰጥማል፣ በሚያዝያ ያለው እርሱን አምኖ ቢዘራ ይከስራል። አማካይ በዓመታት መካከልም እንዲሁ ነው፤ በ1913ና በ1984 ወንዙ እጅግ ጎድሎ ነበር፣ ሌሎች ዓመታት ደግሞ ከልክ አልፈዋል። ዕድሜውን በዐባይ ልክ ላይ የፈጀው እንግሊዛዊው ኸርስት በ1951 ባሳተመው ጥናት፣ ከሮዳ የተጻፈውን ጨምሮ የረጅም ዘመን መዝገቦችን መርምሮ፣ ጥጋብ ከጥጋብ ጋር፣ ችጋርም ከችጋር ጋር እንደ ዕጣ ከሚጠበቀው በላይ እየተከታተሉ እንደሚመጡ አሳየ፤ ኋላም የሒሳብ ሊቁ ማንደልብሮትና ባልንጀራው ዋሊስ በ1968 ይህን ጠባይ በዮሴፍ ስም ጠሩት፤ የፈርዖን 7 የጥጋብና 7 የረኃብ ዓመታት ተጐዳኝተው እንደ መጡ ይታወሳልና። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ከባድ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ቢለኩም፣ የለኩት የጥጋቡን ዘመን ብቻ ሊሆን ይችላል፤ አማካዩም የወንዙ ጠባይ ሳይሆን የለኪው የዕድል ዘመን ጠባይ ሆኖ ይቀራል።

ይህም ሆኖ አገሮች በአማካይ ቍጥር ውል ይዋዋላሉ። ግብጽና ሱዳን በ1959 በተዋዋሉት ስምምነት ዐባይ በአስዋን በዓመት 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው ተብሎ ተወስኖ፣ 55.5ቱ ለግብጽ፣ 18.5ቱ ለሱዳን ሲደረግ፣ 10ሩ በትነትና በሌላ ምክንያት ለሚጠፋው ተተወ፤ ሒሳቡ አንድ ጠብታ ሳያስተርፍ ይገጥማል። ለዚያ ውኃ ከ100 እጅ 85 ያህሉን የምታወርደው ኢትዮጵያ ግን በውሉ ውስጥ የለችም። የፍርዱን ነገር ለጊዜው ትተን አሳቡን ብቻ ብንመረምር፣ የተከፈለው ነገር ያ ማንም ያልተሻገረው አማካይ ወንዝ ነው፤ ልክ ከተለካው ነገር ርቆ ሊኖር ይችላል እንዳልነው፣ ዝናቡ በአንድ ምድር ወርዶ ቍጥሩ በሌላ ምድር ተጻፈ፤ የሚሄደውም ነገር እንደ ጎተራ እህል ቆሞ ተከፈለ። ከዚህ ጋር የየመንደሩን የውኃ አባት ሥራ ማስተያየት ይገባል። የውኃ አባት የመስኖውን ውኃ ሲያካፍል ለገበሬዎቹ ይህን ያህል ሊትር ብሎ አይሰጥም፤ ይህ ቀን የእገሌ ነው፣ ይህ ሌሊት የእገሌ ነው ብሎ ተራ ይሰጣል፤ የሚያካፍለው ጊዜን ነው። ወንዙ ሲሞላ የሁሉም ድርሻ ይሞላል፣ ሲጎድል የሁሉም ይጎድላል፤ ክፍያው ግን ጸንቶ ይኖራል። ከሁለቱ መስፈሪያ ሸክላውን ትቶ ጊዜውን በያዘ በዚህ ሰው እጅ የወንዝ ባሕርይ ከሊቃውንቱ ውል ይልቅ ተጠብቋል።

ነገር ግን የውኃ አባትን አመስግኖ ቍጥርን መንቀፍም ነገሩን አይፈጽመውም። በተራ ክፍያ የሌሊት ባለ ተራ ከቀን ባለ ተራ ይለያል፤ በመስኖው ጫፍ ያለው ሰው፣ ውኃው በመንገድ ሠርጎ ስለሚያንስበት፣ ሰዓቱ እኩል ሆኖ ውኃው እኩል አይደርሰውም፤ ይህንም ጕድለት ለማሳየት ከቍጥር በቀር መናገሪያ የለውም። ከሁሉ በላይ፣ ተራ የሚጠበቀው ባለ ድርሻዎቹ እርስ በርስ ሲተያዩ፣ አንዱ ሲዘርፍ ሌላው በዐይኑ ሲያየው ነው፤ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ተራርቀው ለሚኖሩና ለማይተያዩ ሕዝቦች ግን፣ አንዱ ስለ ሌላው ሊያውቅ የሚችለው በተጻፈ ልክ ነው። ስለዚህ ከቍጥር መሸሽ አይቻልም፤ የሚቻለው ቍጥሩ የሚሄድ ነገር ምስክር መሆኑን አውቆ መያዝ ነው። ይህም ማለት፣ የወንዝ ቍጥር የተለካበትን ስፍራና ዘመን፣ በውስጡ የገባውንም ግምት ተሸክሞ ይሂድ፤ ድርሻም በቆመ ቍጥር ሳይሆን፣ በዚያ ዓመት በእውነት ከሄደው ውኃ ከ100 ይህን ያህል እጅ ተብሎ ይወሰን፤ እንዲህ ያለው ክፍያ ሊጸና የሚችለውም ልኩ በየዓመቱ ሲታደስና ለባለ ድርሻዎቹ ሁሉ ሲገለጥ ነው ማለት ነው። አንድ ጊዜ ተለክቶ የተዘጋ ወንዝ የለም፤ ከዚህ የተነሣ ስለ ወንዙ ሊከራከር የሚወድ ሕዝብ ከክርክሩ አስቀድሞ የሚጠየቀው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም በየወንዙ ዳር የከፍታ መለኪያ አቁሞ፣ በጥጋብ ዘመን ሳይሰለች፣ በሙላትም ሌሊት ሳይተው፣ መዝገቡን ዘመን ከዘመን ሳያቋርጥ መጻፍ ነው። የራሱን ወንዝ ራሱ ያልለካ ሕዝብ፣ በሌላው ምስክርነት ይፈረድበታል።